በቤት የሚሠራ የእንጨት ሥራና የዞኒንግ ፈቃድ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተንና በአካባቢው ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል አናጢነትን ከሀገር ቤት ይዘው የመጡ ብዙ ናቸው። ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ማታና ቅዳሜ በጋራዣቸው ውስጥ ረከቦት፣ በርጩማ፣ የመሶብ መቀመጫ፣ ቁም ሳጥን፣ ለቤተ ክርስቲያንም አትሮንስ ይሠራሉ። ሥራው ሲታወቅ ትእዛዙ ይበዛል፤ ትእዛዙ ሲበዛ ደግሞ «ይህን በቤቴ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ለእኔም በተለያየ ጊዜ የቀረቡልኝ ናቸው። መልሶቹ በሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲን የዞኒንግ ደንብ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ደንቡ በየጊዜው ስለሚሻሻል ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብዎ አስፈላጊ ነው።

የገዛ ቤቴ ሆኖ ሳለ ለምን ፈቃድ እጠየቃለሁ?

የቤቱ ባለቤት መሆንዎ በቤቱ ውስጥ ማንኛውንም ሥራ የመሥራት መብት አያስገኝልዎትም። በአሜሪካ የአካባቢ መስተዳድሮች መሬትን በቀጠና ከፍለው በእያንዳንዱ ቀጠና ምን እንደሚሠራ የመወሰን ሥልጣን አላቸው፤ ይህንንም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ግዛት የዩክሊድ መንደርና አምብለር ሪያልቲ የተባለ ኩባንያ በተከራከሩበት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1926 አጽንቶታል። ዞኒንግ የምንለው ይህ የቀጠና ደንብ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ በአብዛኛው የመኖሪያ ሠፈር ውስጥ ከሆኑ ቤትዎ አር 60፣ አር 90 ወይም አር 200 ከሚባሉት ቀጠናዎች በአንዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሮቹ ለአንድ ነጠላ ቤት የሚያስፈልገውን ትንሹን የቦታ ስፋት፣ ማለትም 6,000፣ 9,000 እና 20,000 ካሬ ፊት ያመለክታሉ። ቀጠናዎቹ ለመኖሪያ የታሰቡ ቢሆኑም ነዋሪው በቤቱ ሆኖ በሙያው እንዲሠራ ደንቡ በሩን ክፍት ትቷል። በእንግሊዝኛው «ሆም ኦኩፔሽን» የሚባለው ይህ ነው፤ እዚህ ላይ «በቤት የሚሠራ ሙያ» እያልን እንጠራዋለን።

ደንቡን ደጋግሜ ካነበብኩና በሥራ ላይ ካየሁ በኋላ የደረስኩበትን ልናገር፤ የዞኒንግ ሹማምንት ዋና ጥያቄ ምን ትሠራለህ የሚል ሳይሆን ከግቢህ አጥር ወጥቶ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ምንድን ነው የሚል ነው። ድምፅ፣ ብናኝ፣ ሽታ፣ የደንበኛ መኪና፣ የጭነት መኪና፣ በግቢ የተከመረ ጣውላ፣ እነዚህን በልኩ የያዘ አናጢ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አያጣም። ቀጥለው ያሉትን መልሶች በዚህ ዓይን ያንብቧቸው።

ይህ ደንብ የሚመለከተኝ የት ብኖር ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን የራሳቸው የከተማ መስተዳድር ስለሌላቸው በቀጥታ በካውንቲው ደንብ ይተዳደራሉ። ታኮማ ፓርክ የራሷ የከተማ ምክር ቤት ቢኖራትም በዞኒንግ ጉዳይ በካውንቲው ሥር ናት። ሮክቪልና ጌይተርስበርግ ግን የየራሳቸው የዞኒንግ ደንብና መሥሪያ ቤት አላቸው። የፖስታ አድራሻዎ «ሮክቪል» ስላለ ብቻ በከተማው ክልል ውስጥ ነዎት ማለት አይደለም፤ ከከተማው ወሰን ውጭ ሆነው ያንኑ የፖስታ ስም የሚጠቀሙ ብዙ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አድራሻዎን በካውንቲው ፕላኒንግ መሥሪያ ቤት የዞኒንግ ካርታ ላይ አስገብተው በየትኛው መስተዳድርና በየትኛው ቀጠና ውስጥ እንዳሉ ያረጋግጡ። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖች እዚህ የተጻፈውን እንደ መንገድ አመልካች ይውሰዱት እንጂ ቁጥሮቹን ለራሳቸው እንዳይጠቀሙባቸው አደራ እላለሁ፤ እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው።

ለመሆኑ አናጢነት በቤት ውስጥ የተከለከለ ሥራ ነው?

አይደለም። ደንቡ በቤት የሚሠራ ሙያን የሚተረጉመው አገልግሎት ወይም ምርት የሚሰጥና በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚካሄድ ሥራ አድርጎ ነው፤ የእንጨት ሥራም በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ከዚያው ትርጉም ውጭ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ በቀጥታ እኛን የሚነካ ነው፦ በቤቱ ውስጥ ያልተሠራ የቤት ዕቃን ለሽያጭ በቤት ማሳየት በቤት የሚሠራ ሙያ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ ራስዎ ካበጁት ቁም ሳጥን አጠገብ ከፋብሪካ ያስመጡትን ሶፋ ደርድረው ቢያሳዩ ሥራዎ ወደ ሱቅነት ተለወጠ ማለት ነው፤ በመኖሪያ ቀጠናም ሱቅ አይፈቀድም።

ሁለተኛው ወሳኝ ገደብ መሣሪያዎችን ይመለከታል። ለአካባቢው ሁከት የሚፈጥር ወይም ሕግ የሚጥስ መሣሪያም ሆነ የአሠራር ሂደት ክልክል ነው። ደንቡ የማሽን ስም እየጠራ ይህ ይፈቀዳል፣ ያ ይከለከላል አይልም። ክብ መጋዝ ወይም የሞተር መላጊያ መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይሆንም፤ ጥፋት የሚሆነው ጎረቤት የሚረበሽበት ከሆነ ነው።

ስንት ዓይነት ፈቃድ አለ? የእኔ ሥራ በየትኛው ውስጥ ይወድቃል?

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 30 ቀን 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የካውንቲው ደንብ ሥራውን በሚያሳድረው ተጽዕኖ መጠን በሦስት ይከፍለዋል። ስማቸውን መሥሪያ ቤቱ በሚጠራበት አጠራር «ኖ ኢምፓክት»፣ «ሎው ኢምፓክት» እና «ሜጀር ኢምፓክት» ብለው ቢይዙት ከሠራተኞቹ ጋር ሲነጋገሩ ይጠቅምዎታል።

ኖ ኢምፓክት ማለት ጎረቤት መኖሩን እንኳ የማያውቀው ሥራ ነው። ከቤቱ ነዋሪ ውጭ ሠራተኛ መቅጠር አይቻልም፤ ወደ ቤቱ የሚመጣ ደንበኛም በሳምንት ከ5 ጉብኝት መብለጥ የለበትም። በእጅ መሣሪያ ማንኪያና ሙዳይ የሚጠርብ፣ ሥራውን በፖስታ የሚልክ ሰው እዚህ ይመደባል።

ሎው ኢምፓክት የአብዛኛው አናጢ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። በቤቱ የማይኖር አንድ ሠራተኛ ይፈቀዳል፤ የደንበኞች ጉብኝት በሳምንት እስከ 20፣ በአንድ ቀን ደግሞ እስከ 5 ድረስ ነው። በዚህ ደረጃ ለመሥራት የካውንቲው የፈቃድ አገልግሎት መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ዲፒኤስ የሚባለው፣ ዘንድ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ማግኘት ግዴታ ነው።

ሜጀር ኢምፓክት ከዚያ የሚያልፈው ነው። ከቤቱ ውጭ የሚመጡ ሁለት ሠራተኞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፈቃዱ ግን በመመዝገብ ብቻ አይገኝም። «ኮንዲሽናል ዩዝ» የሚባል፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ፈቃድ ስለሆነ በካውንቲው የዞኒንግ ችሎት ፊት በይፋ መሰማት አለበት።

በእኔ እይታ ጀማሪ ሰው ወደ ሦስተኛው ደረጃ መቸኮል የለበትም። በሎው ኢምፓክት አንድ ሁለት ዓመት ሠርቶ ጎረቤት የመሰከረለት አናጢ ወደ ችሎት ሲቀርብ የሚናገርለት ታሪክ አለው፤ ገና ሳይጀምር ሁለት ሠራተኛ ልቅጠር ብሎ የሚቀርብ ግን የሚያሳየው ወረቀት ብቻ ነው።

ከቤቴ ውስጥ ምን ያህል ቦታ ለሥራው ማዋል እችላለሁ?

ለሥራው የሚውለው ወለል ከፍተኛ መጠን፣ ደንቡ ለዚህ ስሌት እንዲቆጠር ከሚቀበለው የቤቱና ቀድሞ የነበረ የግቢ ቤት ጠቅላላ ስፋት ከመቶ 33፣ ወይም 1,500 ካሬ ፊት፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ለምሳሌ ሊቆጠር የሚችለው ስፋት 1,200 ካሬ ፊት ከሆነ ለሥራ የሚፈቀደው 396 ካሬ ፊት ይሆናል። 20 በ20 ፊት የሆነ የሁለት መኪና ጋራዥ 400 ካሬ ፊት ስለሆነ ከዚህ በአራት ካሬ ፊት ይበልጣል፤ ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፣ ነገር ግን በንድፉ ላይ ከመጠን በላይ የተጻፈ ቁጥር ማመልከቻን ያስመልሳል። አንዱን ጥግ የቤተሰብ ብስክሌት ማስቀመጫ አድርጎ በመስመር ለይቶ ማሳየት ይህን ችግር ይፈታዋል። ለደንበኛ የሚደርስ የተጠናቀቀ ዕቃ ማስቀመጫም ከዚሁ ስፋት ውስጥ ይቆጠራል፤ ከውጭም መታየት የለበትም። ስለዚህ በንድፉ ላይ ማሽኖቹን ብቻ ሳይሆን የጣውላውንና ያለቀውን ዕቃ ቦታ ጭምር ያስቡ።

በጓሮ ያለ አንድ ቤት ለሥራው ሊውል ይችላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን የሥራ ቦታነቱ መታወቅ የለበትም። ለዚሁ ሥራ ብለው አዲስ ቤት በጓሮ ለመሥራት ካሰቡ፣ አንድ ሚስማር ከመምታትዎ በፊት ቦታው ለዚህ ሥራ ይቆጠርልዎ እንደሆነ ዲፒኤስን በጽሑፍ ይጠይቁ። ጋራዡን ለሥራ ሲያውሉም የቤተሰብዎ መኪና፣ የሠራተኛዎና የደንበኛዎ መኪና የት እንደሚቆም ማሳየት ይኖርብዎታል።

ስለ ማሽን ድምፅ ምን ላድርግ?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ካውንቲው ከዞኒንግ ደንቡ ሌላ የድምፅ ደንብ አለው። በመኖሪያ ቀጠና የሚፈቀደው ከፍተኛ የድምፅ መጠን ቀን 65፣ ሌሊት 55 ዴሲቤል ሲሆን የሚለካውም በማሽንዎ አጠገብ ሳይሆን ድምፁ በሚደርስበት የጎረቤት ይዞታ ላይ ነው። ቀን የሚባለው ከሰኞ እስከ ዓርብ በሀገራችን የሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይጀምራል።

የቅዳሜዋን የሁለት ሰዓት ልዩነት እኔ ሳላውቃት ቀርቼ አፍሬባታለሁ። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን የታዘዘ አትሮንስ ለእሑድ መድረስ ስለነበረበት ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ የጋራዡን መዝጊያ ገርበብ አድርጌ የዎልነት ጣውላ በሞተር መላጊያ ማስገባት ጀመርኩ። ሦስተኛውን ጣውላ ሳልጨርስ የጎረቤቴ በር ተከፈተ። ሴትየዋ ሌሊቱን ሆስፒታል ውስጥ ሠርታ ገና መግባቷ ነበር፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ክስ አላቀረበችም፣ ቁጣም አላሰማችም፤ «ሌሊት የምሠራባቸውን ቀናት ጽፌ ልስጥህ?» ብቻ አለችኝ። ወረቀቷ ዛሬም በጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከክብ መጋዙ ማብሪያ አጠገብ ተለጥፏል፤ በነዚያ ቀናት ጠዋት የምሠራው ሥራ ኮላ መቀባት፣ መለካትና በብርጭቆ ወረቀት በእጅ ማለስለስ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንሂድ። ክፍት በሆነ ቦታ የድምፅ ምንጭ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። መላጊያዎ አንድ ሜትር ላይ ቢለካ 100 ዴሲቤል ቢሆን፣ ሁለት ሜትር ላይ 94፣ አራት ሜትር ላይ 88፣ ስምንት ሜትር ላይ 82 ይሆናል ማለት ነው። ጎረቤትዎ ስምንት ሜትር ላይ ካለ፣ ግድግዳውና መዝጊያው ቢያንስ 17 ዴሲቤል መቀነስ አለባቸው። ስስ የቆርቆሮ ጋራዥ መዝጊያ፣ በተለይ በጎንና በጎን ክፍተት ያለው፣ ይህን ያህል ይቀንሳል ብለው አይተማመኑ። ክፍተቱን በጎማ መድፈን፣ ከመዝጊያው በስተጀርባ ሁለተኛ ግድግዳ ማቆም፣ ማሽኑን ከጎማ ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥና ከጎረቤት ርቆ ወዳለው ጥግ መውሰድ ከሁሉ በላይ የሚጠቅሙ ናቸው። ምድር ቤት ያላቸው ሰዎች መላጊያውን ወደዚያ ቢያወርዱ አፈሩ ራሱ ድምፁን ያፍንላቸዋል። በስልክ የሚሠራ የድምፅ መለኪያ ለሕግ ማስረጃ ባይሆንም ለራስዎ ግምት ይበቃል፤ ማሽኑን ሌላ ሰው እያሠራልዎ እርስዎ በአጥሩ ጥግ ቆመው ይለኩ።

ሰጋቱራ፣ ቫርኒሽና ሌሎች ኬሚካሎችስ?

በመኖሪያ ቤት የሚካሄድ ሙያ አደገኛ ተብለው የተመደቡ ቁሳቁሶችን ማከማቸት ወይም መጠቀም፣ ልዩ ፈቃድ እስከሚያስፈልግ ድረስ የበዛ ነዳጅ ነክ ፈሳሽም መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በርሜል ሙሉ ቀጭን ቫርኒሽና ቲነር የሚፈልግ፣ በመርጫ የሚቀባ ሥራ ለቤት የሚስማማ አይደለም። በውሃ የሚቀጥኑ ማጠናቀቂያዎችና በጨርቅ የሚቀቡ ዘይቶች ለዚህ ይመረጣሉ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ተጨምቆ ከተከመረ ያለ ክብሪት በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል እንደሚችል አይርሱ፤ ዘርግተው ከቤት ውጭ ያድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ጣሳ ውስጥ ይክተቱት።

የእንጨት ብናኝ ለራስዎም አደገኛ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል በእርግጠኝነት ከታወቁት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ጥሩ የብናኝ መምጠጫ ከእያንዳንዱ ማሽን ጋር ማያያዝ፣ መውጫውንም ወደ ጎረቤት ግቢ አለማዞር ያስፈልጋል። በየቀኑ ቢጠርጉት ከእሳት አደጋም ይከላከላሉ። ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ወይም ለአትክልት የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ ይገኛል፤ የዎልነት ሰጋቱራ ግን ፈረስን ስለሚጎዳ ለፈረስ በረት ፈጽሞ አይስጡ።

ደንበኛ ቤቴ መጥቶ ሊገዛ ይችላል?

በቤቱ ነዋሪ በዚያው ቤት በእጅ የተሠራ ዕቃን ለመጣ ደንበኛ መሸጥ በሎው ኢምፓክት ደረጃ ይፈቀዳል። ደንቡ በምሳሌነት የሚጠራቸው የልብስ ስፌት፣ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ፣ ጌጣ ጌጥ፣ የሸክላ ሥራና የሙዚቃ መሣሪያን ነው፤ ተመሳሳይ የእጅ ሥራዎችን ያካትታል። ክራር የሚሠራ ሰው በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ራሱን ያገኘዋል፤ ረከቦትና በርጩማም ከነዚህ ጋር የሚመደቡ መሆናቸውን በማመልከቻዎ ላይ በግልጽ ቢጽፉ ይመረጣል። ታዝዘው በኋላ ወደ ደንበኛው ቦታ የሚደርሱ ሌሎች ዕቃዎች ሽያጭ ደግሞ በወር ከ5 መብለጥ የለበትም። መስኮት ላይ ዕቃ ደርድሮ ማሳየት አይቻልም።

ጣውላና ኮምፔንሳቶ የሚያመጣው የጭነት መኪናስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በቤት ለሚሠራ ሙያ፣ ከፖስታና መሰል ጥቅል አድራሾች በቀር፣ በጭነት መኪና ዕቃ መጫንና ማራገፍ ክልክል ነው፤ ሠራተኞች መጥተው ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዱትን ዕቃና መሣሪያ በቤት ማከማቸትም እንዲሁ። ጣውላውን ራስዎ በቤተሰብ መኪና በትንሽ በትንሹ ማምጣት፣ ኮምፔንሳቶውንም ሻጩ ዘንድ በልኩ አስቆርጦ መውሰድ ችግሩን በእጅጉ ያቀልለዋል። በወር አንድ ጊዜ ሙሉ የጭነት መኪና ጣውላ የሚፈልግ ሥራ ካለዎት፣ ቤትዎ ለሥራው ጠቦታል ማለት ነው፤ በኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ከሌሎች አናጢዎች ጋር በጋራ አዳራሽ መከራየትን ያስቡ።

ማመልከቻውን እንዴትና የት አስገባለሁ?

የዲፒኤስ ቢሮ በዊተን፣ በሪዲ ድራይቭ ላይ ይገኛል፤ ማመልከቻዎችን በድረ ገጹ በኩልም ይቀበላል። የቤቱን ውስጥ ንድፍ ከልኬት ጋር፣ የመኪና ማቆሚያውን ሥዕል፣ የሥራውን መግለጫና በቤቱ በእርግጥ እንደሚኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ ያዘጋጁ። በቤት የሚሠራ ሙያ የሚካሄደው በዓመት ቢያንስ 220 ቀን በዚያ ቤት በሚኖር ሰው ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቤት እየኖሩ ያከራዩትን ቤት ጋራዥ ለሥራ ማዋል አይቻልም።

በመግለጫው ላይ የምመክርዎት ነገር ቢኖር ዝርዝር ይጻፉ የሚል ነው። «የቤት ዕቃ ሥራ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «በአንድ ክብ መጋዝ፣ በአንድ መላጊያና በአንድ የብናኝ መምጠጫ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት፣ መዝጊያው ተዘግቶ» ብሎ መጻፍ ሹሙ ሊጠይቅ ያሰበውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልስለታል። እንግሊዝኛውን ሲጽፉ ሰዓቱን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መቀየርዎን ደግመው ይመልከቱ፤ በስድስት ሰዓት ተዛብቶ የተጻፈ ማመልከቻ ሌሊት የሚሠራ አናጢ ያስመስልዎታል።

ችሎት መቅረብ ካለብኝ ምን ይጠብቀኛል?

ለሜጀር ኢምፓክት ማመልከቻ በቤትዎ ፊት ለፊት ማስታወቂያ ይተከላል፤ ጎረቤቶች በደብዳቤ ይነገራቸዋል፤ የፕላኒንግ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች አጥንተው አስተያየት ይጽፋሉ፤ ከዚያም የችሎቱ መርማሪ ምስክርነት ሰምቶ በጽሑፍ ይወስናል። ምስክርነት በመሐላ የሚሰጥ ነው። መርማሪው ፈቃዱን ሲሰጥ የሰዓት፣ የደንበኛ ብዛትና የመሣሪያ ገደብ ሊያኖርበት ይችላል። ማስታወቂያው ከመተከሉ በፊት ግን ጎረቤቶችዎን በየቤታቸው ሄደው ያነጋግሩ። የሚያስቡትን ከመርማሪው ፊት ሳይሆን በደጃቸው ቢሰሙት ማስተካከያ ጊዜ ያገኛሉ፤ ሊደግፍዎ የፈቀደ ጎረቤት ካለም ጥቂት መስመር ደብዳቤ ይለምኑት።

ቤቱ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ነው፤ ወይም ተከራይ ነኝ።

ማኅበሩ፣ ኤችኦኤ የሚባለው፣ የራሱ ውል ስላለው ካውንቲው የፈቀደውን ሥራ ሊገድብ ይችላል። የዞኒንግ ምስክር ወረቀት ይህን ውል አይሽርም። ውሉን ከገዙበት ወረቀት ውስጥ አውጥተው ያንብቡ። ከማኅበሩ ጋር የሚነሳን ክርክር የሚያይ ኮሚሽን በካውንቲው አለ። ተከራይ ከሆኑ የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ቤቶቹ ግድግዳ በሚጋሩበት ታውንሀውስ ውስጥ ስለሚኖሩ ወገኖች በግልጽ ልናገር፤ የሞተር መላጊያ ለዚያ ቤት አይሆንም፣ ፈቃድ ቢገኝ እንኳ የጎረቤትን እንቅልፍ መልሶ መስጠት አይቻልም።

የዞኒንግ ፈቃድ ካገኘሁ ሌላ ወረቀት ያስፈልገኛል?

አዎን። ለ240 ቮልት ማሽን አዲስ መስመር ሲዘረጋ የኤሌክትሪክ ፈቃድና ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋል። የንግድ ስም በግዛቱ የግብር ግምትና የምዝገባ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል፤ በሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው 6 በመቶ የሽያጭ ግብር ኮምፕትሮለር ለሚባለው የግዛቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ይከፈላል። በሮክቪል ያለው የሰርኪት ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነጋዴ ፈቃድ ይሰጣል፤ በእጁ የሠራውን ብቻ የሚሸጥና ከሌላ ገዝቶ የሚሸጥ ሰው በሕጉ ፊት አንድ ስላልሆኑ የእርስዎን ሁኔታ ነግረው ይጠይቁ።

በተለይ የምጠነቅቅበት የቁም ሳጥን ሥራ ነው። ዕቃውን በጋራዥዎ ሠርተው ለደንበኛ ማስረከብ አንድ ነገር ሲሆን፣ የኩሽና ካቢኔት ሠርቶ በደንበኛው ቤት ግድግዳ ላይ መግጠም በግዛቱ ሕግ የቤት ማሻሻያ ሥራ ነው፤ ይህም ኤምኤችአይሲ የሚባለውን የኮንትራክተር ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ ሥራ ላይ ከውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበልም አይፈቀድም። ከዚህ ሌላ የቤትዎ ኢንሹራንስ ለንግድ ሥራ የደረሰን ጉዳት ላይሸፍን ስለሚችል ማሽን ከመትከልዎ በፊት ኩባንያዎን በጽሑፍ ይጠይቁ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው።

ካውንቲው አገልግሎቱን በትርጉም የመስጠት ግዴታ አለበት፤ አማርኛም በብዛት ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በ311 ሲደውሉ «አምሃሪክ» ብለው ይናገሩና አስተርጓሚ ይጠብቁ። አስተርጓሚው አይከፈልበትም። ልጆችን ለዚህ ማስተርጎም አይገባም፤ የመኪና ማቆሚያና የድምፅ ልክ የሚሉ ቃላት በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ሲያልፉ ትርጉማቸው ይለወጣል።

ሳልመዘገብ ጀምሬያለሁ፤ ጎረቤትም ለካውንቲው አመልክቷል። ምን ላድርግ?

ማሽኖቹን ያቁሙ፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ በአክብሮት ያነጋግሩት፤ የሰጠዎትን ወረቀት ቀንና የጊዜ ገደብ ይያዙ። ጊዜ ገደቡን ማሳለፍ ወደ ገንዘብ ቅጣትና ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል። በገደቡ ውስጥ ለምዝገባ ማመልከት ግን በብዙዎች ዘንድ ጉዳዩን የሚዘጋ እርምጃ ሆኗል። የከሰስዎትን ጎረቤት ማንነት ለማወቅ አይድከሙ፤ ይልቁንም ድምፁ በየትኛው ሰዓትና በየትኛው አቅጣጫ እንዳስቸገረ ተቆጣጣሪውን ይጠይቁ።

መዝገብ መያዝ አለብኝ ሲባል ምን ማለት ነው?

ወደ ቤትዎ የሚመጡ ደንበኞችንና የሚደርሱ ዕቃዎችን የሚያሳይ መዝገብ በቤቱ ውስጥ መኖር አለበት፤ ተቆጣጣሪው ሊያየው ይችላል። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። በእኔ ደብተር ላይ አንድ ቀን የተጻፈው እንዲህ ይነበባል፦ «ማክሰኞ፤ ደንበኛ 2፤ አንዷ ረከቦት ወሰደች፣ አንዱ የበርጩማ ልኬት ሊሰጥ መጣ፤ ሁለቱም መኪና በግቢ ቆመ፤ መላጊያ ከ5 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከ40፤ በፖስታ የደረሰ፣ አንድ ካርቶን ማጠፊያ።»